የቄሳችን ረጅም ጸሎት

የቄሳችን ጸሎት አጭር ነው። እሁድ እሁድ ድንቹ ሳይበርድ ቤታችን እንደርሳለን። ኮታቸው ክርኑ ላይ የተጣፈ ነው፤ ኪሳቸው ውስጥ የቂጣ ፍርፋሪ አይጠፋም። ደመወዛቸውን የሚሰጣቸው ባለርስቱ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የባለርስቱ ሹም ባልቴቷን ኦይሪክን ከቤቷ አስወጥቶ ጣሪያዋን ሊያፈርስ፣ ባሕሩ በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት ሲሸሽ ብቻ የሚገኘውን የአሸዋ መንገድ በፈረስ አቋርጦ መጣ። ቄሳችን ደጇ ላይ ቆሙና "እንጸልይ" አሉ። በእኛ አገር አሜን ሳይባል ባርኔጣውን የሚደፋ ወይም ሥራ የሚጀምር ሰው የለም። ሹሙም እንደ ልማዱ ባርኔጣውን አወለቀ፤ የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቄሳችን ለላሞቻችን በየስማቸው ጸለዩ። ቀጥለው ወደ ጥጆቹ ገቡ። እኔ ሳቄን በሻሼ አፈንኩ። ባሕሩ እየተመለሰ ነበር።

"ኧረ ቄስ፣ አሜን ይበሉ! መንገዴ ሊዘጋ ነው" አለ ሹሙ ዓይኑን እንደጨፈነ።

"ጌታ ሆይ፣ ለዚህ ለቸኮለ ልጅህ ትዕግሥት ስጠው" አሉና ወደ ጥጆቹ ተመለሱ።

ሹሙ ባርኔጣውን እንደያዘ፣ ፈረሱን እየጎተተ፣ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

"ነገ ቢመለስስ፣ አባቴ?" አለች ኦይሪክ።

"ይምጣ። ገና ዶሮዎቹ አሉ።"