የሰሶቹ ውሃ

ድሬዳዋን የሠራት ባቡሩ ነው ይባላል። እኔ ግን ለተማሪዎቼ ተራራው ነው የሠራት እላቸው ነበር። ምክንያቱን ላስረዳ። ሐዲዱ ከባሕር ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ከከተማዋ በስተደቡብ የተደረደረው ተራራ ግን ባቡር የሚያሳልፍ አልሆነም። ወጪው ሲከብድ ሐዲዱ ከግርጌው ታጠፈ፤ ባቡሩ በቆመበት አሸዋማ ሜዳ ላይም ከተማ በቀለ። ተራራው እንቢ ባይል ኖሮ ጥላ ያላቸው የከዚራ መንገዶች አይኖሩም፤ ጣሊያን ከወጣ በኋላ የተከፈተው፣ እኔ ከደጋ ተመድቤ የመጣሁበት ትምህርት ቤትም አይኖርም ነበር።

ይህን በሁለት ቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሥዬ ሳስረዳ የፈረንሳይኛ መምህሩ በሩን ተደግፎ ይሰማኝ ኖሯል። ከክፍል ስወጣ ጠበቀኝ።

«ጂኦግራፊ፣ ለመሆኑ ወጥተህበታል?»

«የቱ ላይ?»

«ስታሞግሰው የዋልከው ተራራ ላይ ነዋ።»

አልወጣሁበትም ነበር። «ጂኦግራፊ» ያለኝ በማስተምረው ትምህርት ነው፤ ለሁሉም ስም ያወጣል። ድሬ ተወልዶ ያደገ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነው። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ያዞረውና በሶማልኛ ይጨርሰዋል። በዚያች ከተማ የመጀመሪያ ወዳጄ እሱ ነበር። የምከራየውን ክፍል ያገኘልኝ እሱ ነው፤ ቀትር ላይ ሱቅ ሁሉ እንደሚዘጋ፣ በዚያ ሰዓት መንገድ ለመንገድ የሚዞር ውሻና ደገኛ ብቻ እንደሆነ የነገረኝም እሱ ነው፤ ወባ ጥሎኝ በተኛሁ ጊዜ እናቱ የሠሩትን ሾርባ በሳህን ከድኖ ያመጣልኝም እሱ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ የኋላውን ስጽፍ እንዳልዘነጋው ብዬ ነው።

ተራራውን ከሚያውቅ ሰው ጋር ላገናኝህ ብሎ ወደ መጋላ፣ ወደ ገበያው ሰፈር፣ ወሰደኝ። በከዚራና በመጋላ መካከል ያለውን ደቻቱን በአሸዋው ላይ ተሻገርን፤ ወንዝ ይባል እንጂ በበጋ የሚፈስበት ሰውና ጋሪ ነው። ሰውየው ስኳር፣ ላምባ፣ ሳሙናና አቡጀዲ የሚሸጡ ሶማሌ ባለሱቅ ነበሩ። ሁሉም ሰው ሀጂ ይላቸዋል። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት አባታቸው በተራራው ላይ ፍየል ያረቡ ነበር። እዚያ፣ በጋ ሙሉ የማይደርቅ የድንጋይ ገንዳ አለ። ከአባታቸው የወረሱት የውሃውን ጥበቃ ነው፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ እየወጡ የገባበትን ጠጠርና ቅጠል ይጠርጋሉ።

በጥር ወር አንድ እሑድ ማለዳ ሦስታችን ወጣን። ሀጂ ሽርጣቸውን ከፍ አድርገው ታጥቀው በጎማ ጫማ ይራመዳሉ። እንደ አስተዳደጌ «እርስዎ ይቅደሙ» አልኳቸው።

«አቦ፣ እርስዎ አትበለው» አለ ወዳጄ። «ከኋላው ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለው ይዞራል።»

እውነት ነው፤ በድሬ ሹም ይሁን ሽማግሌ ሁሉም «አንተ» ነው። እኔ ግን አልቻልኩም፤ እሳቸውም እየሳቁ ቀደሙ።

መንገዱ ጎርፍ በቦረቦረው ደረቅ ፈረፈር ይጀምራል፤ ከታች ነጭ ድንጋይና ግራር ነው። ከፍ ሲሉ ቁልቋልና እሬት ይመጣል፤ እዚያ ጣሊያን በጦርነቱ ጊዜ የካበው የመተኮሻ ግንብ ግማሹ ፈርሶ ቆሟል። ከግንቡ በላይ ያለው ባዶ አለት ነው። ወንዱ ነጭ ጠጉሩን ከትከሻው እስከ ወገቡ የለቀቀ የዝንጀሮ መንጋ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቅ ነበር።

«ጋቢ ደርበዋል» አለኝ ወዳጄ። «ያገርህ ሰዎች ቀድመውህ መጥተዋል፤ ሂድና ሰላም በላቸው።»

ከድንጋይ ስር አንድ ሽኮኮ ብቅ ሲል፣ ጥንቸል ቢመስልም በአጥንቱ የዝሆን ዘመድ መሆኑን ነገርኳቸው። ሀጂ ቆመው ሽኮኮውን በጥሞና ተመለከቱት።

«ዘመዱ አልረዳውም» አሉ።

ከተራራው ትከሻ ላይ ስንደርስ በጭጋግ ውስጥ ወደ ሐርላ በኩል ያለው ሸንተረር ታየ። በሐርላ የጥንት ሰዎች የካቡት ፍርስራሽ አለ፤ የሠሩት ግዙፋን ናቸው ይባላል። የሀጂ ታሪክ አጭር ነበር፤ «ሀብታም ነበሩ፤ ጠገቡ፤ ጠፉ።» እኔ ደግሞ ግዙፍ ስለመሆናቸው ማስረጃ እንደሌለ ለማስረዳት ሞከርኩ።

«ድንጋዩን አንተ ታነሣዋለህ?»

«አላነሣውም።»

«እንግዲያ።»

ገንዳው በሁለት አለቶች መካከል ነበር፤ ከታች ሆኖ የሚያይ ሰው ሊገምተው አይችልም። ሀጂ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው አስቆሙን። ከውሃው ላይ አንዲት ሰስ አጎንብሳ ትጠጣለች። ባሏ ከበላይዋ ባለ ድንጋይ ላይ ቆሟል።

ሰስን ለማያውቅ፦ ከፍየል የምታንስ የገደል ሚዳቋ ናት። ሰኮናዋ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ስለምትቆም፣ ሳንቲም በሚያህል ድንጋይ ላይ መቆም ትችላለች ይባላል። ወንዱና ሴቷ አይለያዩም፤ አንዱ ሲያጎነብስ ሌላው ይጠብቃል። ጠባቂው ሲፈራ በአፍንጫው ያፏጫል፤ ሌላው ይመልስለታል። ያን ዕለት ግን አላፏጨም። ሀጂን አየና ዝም አለ። እሷ ጠጥታ ስትወጣ እሱ ወረደ።

ከሄዱ በኋላ ድንጋዩ ላይ የቀረውን ጸጉር ለቀምኩ። የሰስ ጸጉር ውስጡ ባዶ ነው፤ እንደ ጭድ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ስለሚመች ኮርቻ ይሞሉበታል። ይህንንም አስረዳሁ።

«ጂኦግራፊ ጸጉር ለቃሚ ሆነ» አለ ወዳጄ፤ አንዱን ከእጄ ወስዶ ሰበረው።

ሀጂ ከሽርጣቸው ላይ የቆርቆሮ ኩባያ ፈተው ውሃ ቀዱ። መጀመሪያ እሳቸው ጠጡ።

«ይሄ ውሃ አማና ነው» አሉ። «ሊጠጣ የመጣ አይገደልም። አባቴ እንዲህ አለኝ። ጠመንጃ ላለው ሰው ቦታውን አታሳዩ። አማና በሉና ጠጡ።»

አማና በሶማልኛም በኦሮምኛም አለ፤ መጀመሪያው ዐረብኛ ነው። ወዳጄን «እኛ አደራ የምንለው ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እሱው ነው» አለኝ። እኔ ቃሉን እስካጣራ እሱ አማና ብሎ ኩባያውን ጠጥቶ ጨርሶ ነበር። እኔም አልኩ፤ ጠጣሁ።

ስንወርድ ከፋሲካ በፊት ክፍሌን ይዤ መውጣት እንደምፈልግ ለሀጂ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ልጆቹ ጫማ ያድርጉ። እሾህ አለ፣ ወላል» አሉ። ወላል በሶማልኛ ወንድም ማለት ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስኳር ልገዛ በሄድኩ ቁጥር ወላል ይሉኛል። እናትና አባቴ ያሉበት አገር በባቡርና በአውቶቡስ የቀናት መንገድ ነው፤ ያንን ቃል ለመስማት ብቻ ሳሙናዬ ሳያልቅ ሳሙና የገዛሁበት ጊዜ አለ።

በዚያው ሰሞን ወዳጄ ስለ አንድ ሙሴ ያወራ ጀመር። ሙሴ የምንለው ፈረንጁን ነው። ሰውየው የአንድ የውጭ ንግድ ቤት ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ አስተርጓሚና ጸሐፊ ይፈልጋል። ደመወዙ ከመምህር ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። «አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል» ይለኝ ነበር። ቋንቋውን ያውቃል፣ ጽሕፈቱ ያምራል፤ የሚቀረው ምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

በቀጣዩ ወር፣ ጾም ሳይገባ፣ አንድ እሑድ እነሱ ቤት ለምሳ ጠራኝ። እናቱ ጥብስ አቀረቡ፤ ሥጋው ጥቁር ብሎ ለስላሳ ነው። ምን እንደሆነ ጠየቅሁ።

«ፍየል ነው» አለ ወዳጄ። «ከቢዮ አዋሌ የመጣ። የዚያ አገር ፍየል የሚበላው ቅጠል ለየት ያለ ነው።»

እኔም ቅጠል በሥጋ ጣዕም ላይ ስላለው ተጽዕኖ የማውቀውን ተናገርኩ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። እናቱ ጨመሩልኝ፤ እንደገና ጨመሩልኝ። እሱ ራሱ ጠቅልሎ አጎረሰኝ።

እጄን ልታጠብ ወደ ጓሮ ወጣሁ። በርሜሉ አጠገብ፣ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ የተጣበቀ ጸጉር አየሁ። ቢጫ ሆኖ ጫፉ ጠቆር ያለ ነው። አንሥቼ አጠፍኩት። ቀጭ አለ።

ሌላ አነሣሁ። እሱም ቀጭ አለ። የፍየል ጸጉር ይታጠፋል እንጂ አይሰበርም።

ወዳጄ ፎጣ ይዞ ወጣ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁት። አየው፤ የበርሜሉን ክዳን አስተካከለ።

«ሙሴው ቀንዱን ፈለገ» አለኝ። «ሥጋውን አልፈለገም። ታዲያ ለአሞራ ልተወው?»

«የት ተገደለ?»

«ታውቃለህ የት እንደሆነ።»

«ውሃው ላይ?»

«አቦ፣ ሌላ ቦታ መች ይቆማል?»

ቀንድ ያለው ወንዱ ነው። ሴቷ ስትጠጣ ቆሞ ይጠብቅ ነበር ማለት ነው። እንዳላፏጨም ገመትኩ፤ በዚያ መንገድ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሀጂ መስሎታል።

«አማና ብለሃል» አልኩት።

«በሶማልኛ ነው ያልኩት» አለና ሳቀ። በአራት ቋንቋ የሚኖር ሰው ቃሉን ከአራቱ በአንዱ ጥሎ በሌላው ሊያመልጥ እንደሚችል እስከዚያ ቀን አስቤው አላውቅም። ሳልስቅ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማኝ። እኔ ዕድሜ ልኬን ግሥ ሳስረባ ልኑር? ለአንዲት ሚዳቋ ብለህ ሥራዬን አታበላሽብኝ።»

«ለሀጂ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ብለህ?» ፎጣውን ትከሻዬ ላይ ጣለው። «አብረን በልተናል እኮ። እናቴ ሁለቴ ጨምራልሃለች።»

ያን ጊዜ የጠራኝ ለምን እንደሆነ ገባኝ። በእኛ አገር አደራውን ያልጠበቀ ሰው «አደራ በላ» ይባላል። አባባል ነው፤ ማንም ቃል በቃል አይበላም። እሱ ግን ማዕድ ላይ አቅርቦ፣ ጠቅልሎ፣ በእጁ አጎረሰኝ። አንድ ማዕድ የቆረሱ ሰዎች አይካሰሱም። ይህን ደንብ ከደጋ ይዤው የመጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ስንት ጊዜ አስረድቼዋለሁ። ሾርባውን ባመጣልኝ ጊዜ እንኳ «እንግዲህ ካንተ ጋር ጠብ አይኖረኝም» ብዬው ነበር።

እናቱን አመስግኜ ወጣሁ። ደቻቱን ስሻገር ፀሐዩ ገና አልበረደም ነበር። ሱቁ ውስጥ ሀጂ ብቻቸውን ናቸው። ሚዛኑ አጠገብ፣ ባንኮኒው ላይ፣ አንድ የጥይት ቀለህ ቆሟል።

«ውሃው ውስጥ ነው ያገኘሁት» አሉኝ። «ዛሬ ወጥቼ ነበር። አንዷ ከላይ ታፏጫለች። ዝም አትልም።»

ዓይኔ ቀለሁ ላይ ቀረ።

«አንተ አልተኮስክም፤ አውቃለሁ። ጠመንጃ ከየት በኩል እንደሚያዝ አታውቅም። ያ ጓደኛህ ነው ሰው ያመጣው?»

«አዎ።»

«ቀንዱን ወሰዱ?»

«ወሰዱ።»

ቀለሁን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። «ሥጋው አልነበረም። ደሙ ብቻ ነው ያለው። ሥጋው የት ገባ?»

ወደ ሱቁ የመጣሁት ከነገሩ ንጹሕ መሆኔን ልነግራቸው ነበር። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በቅደም ተከተል አዘጋጅቼ ነበር፤ መጀመሪያ እንዳላወቅሁ፣ ቀጥሎ እንዴት እንዳወቅሁ፣ በመጨረሻም ከእሱ ጋር እንደተለያየሁ። ለዚህ ጥያቄ ግን አልተዘጋጀሁም ነበር።

«ምሳ ላይ ቀረበ» አልኩ።

ሀጂ ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ በላህ?»

«ፍየል ነው ብሎኝ ነው።»

«በላህ?»

«በላሁ።»

አንድ የጋሪ ፈረስ በበሩ አለፈ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡ የምመልሰው ነበረኝ።

«ፍየል ነው ካለህ፣ ወላሂ፣ አንተን ብሆን እኔም እበላ ነበር» አሉ በመጨረሻ። የተናገሩት ከልባቸው ነው፤ ድምፃቸው ላይ ፌዝ አልነበረም። ቀለሁን አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱትና እንደ ወትሮው ስኳሬን መዝነው በወረቀት ጠቀለሉልኝ። ስኳር አልጠየቅሁም ነበር።

«ሌላ ምን ልስጥህ፣ መምህር?»

ክፍሌን ወደዚያ ተራራ አልወሰድኩም። በጠመኔ የሣልኩት እዚያው ሰሌዳ ላይ ቀረ። ወዳጄ ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ንግድ ቤቱ ሄደ፤ ነጭ ልብስ ለብሶ በከዚራ ባገኘኝ ቁጥር ከማዶ «ጂኦግራፊ» ብሎ ይጠራኛል፤ ሰላምታውን ነሥቶኝ አያውቅም። እኔም ከከተማዋ እስክዛወር ድረስ ስኳርና ላምባ የምገዛው ከሀጂ ነበር። ሚዛናቸው ሁልጊዜ ወደ እኔ ያጋደለ ነው። ከዚያች እሑድ በኋላ ግን የሚጠሩኝ መምህር ብለው ነው፤ ስህተት አልነበረውም፣ ሥራዬ ነው።