የጣቢታ አውራ ጣት

«ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት። አይ፣ ዐሥር ሳይሆን አይቀርም፤ የገበያ ቀን ነበራ!» ይላል ተክለጊዮርጊስ ብቻውን ሲሆን። የጣቢታ ኑዛዜ ላይ ዘጠኝ ብሎ የጻፈው ራሱ ነው። የቀረውን ግን አይጠራጠርም።

ሆሳዕና ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ ሲጽፍ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ከፎንቆም ከሾኔም የሚመጣው ባለጉዳይ «የሱ ብዕር ዳኛ ያሳምናል» ይለዋል፤ ይህን መስማት ይወዳል።

የዚያን ቀን ባሏ የሞተባት ጣቢታ ቤቷንና የእንሰት ጓሮዋን ላስታመመቻት የእህቷ ልጅ ለጵርስቅላ ተናዘዘች። በሀዲይኛ የነገረችውን በአማርኛ ጽፎ አነበበ። አራቱ ምስክሮች ቀድመው ፈረሙና ወደ ገበያቸው ተጣደፉ። ጣቢታ እጇን ወደ ብዕሩ ዘረጋች። እሱ አውራ ጣቷን ይዞ ቀለም አስነካና ወረቀቱና ግልባጩ ላይ ተጫነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ሴትዮዋ ጣቷን አየች፤ ተራ የሚጠብቀውን ሰው አየች፤ ጣቷን ጠርጋ ተነሣች።

በዓመቱ ሞተች። የባሏ ወንድም ማቴዎስ ኑዛዜው የሐሰት ነው ብሎ ከሰሰ።

«ጣቢታ በስተርጅናዋ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥራለች፣ ጌታዬ። ስሟን መጻፍ ታውቃለች» አለ ለዳኛው።

ምስክሮቹ ስትፈርም አላየንም አሉ። ዳኛው ወደ ተክለጊዮርጊስ ዞሩ።

«መጻፍ የምትችል ሴት ለምን በጣት ፈረመች?»

«አልጠየቅኋትም» ማለት ብቻ ነበረበት። ደንበኞቹ ከኋላው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል።

«እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ብዕር መያዝ አቃታት» አለ።

ማቴዎስ ሳቀ። «እንግዲያው ይሄን መንፈስ ነው የጻፈው?» ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች ለጣሪያው ሣር ለማምጣት የፈረሙበትን ወረቀት አቀረበ። የተጻፈው ከኑዛዜው በሦስተኛው ቀን ነው። «ጣቢታ» ይላል፤ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ ቀጥ ያሉ፣ በጥንቃቄ የተሰመሩ። የተክለጊዮርጊስ ጆሮ ጋለ። ያን ቀን ብዕሩን የፈለገችው ስሟን ልትጽፍ ኖሯል።

ኑዛዜው ውድቅ ሆነ።

ከሳምንት በኋላ ጵርስቅላ ጓዟን ጭነት መኪና ላይ አስጭና ወደ ጠረጴዛው መጣች።

«ጋሼ፣ እርስዎ ጋ ያለውን ግልባጭ ይስጡኝ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«ጣቷ አለበት።»

ከሣጥኑ አውጥቶ ሰጣት። «ይግባኝ ልጻፍልሽ። መዋሸቴን በእጄ እጽፋለሁ።»

«ከእንግዲህ ማን ያምንዎታል?» አለች። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

አክስቷ በኑዛዜው ዕለት ቤት ስትገባ ምን ብላ እንደነበር ሊጠይቃት አንገቱን ቀና አደረገ። ወደ ሾኔ የሚሄደው ጭነት መኪና ጡሩምባውን ነፋ። ጵርስቅላ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ ጓዟ ላይ ወጥታ ተቀምጣ ነበር።