ከአልጋ ሥር የተደረገ ልምምድ

ቡታጅራ ወገቤን ያየው ሐኪም ጠባብ ማሽን ውስጥ ተኝተው የሚነሱትን ኤም አር አይ እንድነሳ አዲስ አበባ ላከኝ። እኔ ግን ጠባብ ቦታ ከመፍራቴ የተነሳ መጸዳጃ ቤት እንኳ በር ዘግቼ አላውቅም። ባለቤቴ "ተለማመድ" ብላ አልጋ ሥር አስገባችኝና፣ ማሽኑ ይጮኻል ስለተባለ፣ የድስት ክዳን በጭልፋ ትደበድብ ጀመር።

ጩኸቱን ሰምቶ የመጣው ነጋዴው ጎረቤታችን ከአልጋው ሥር የወጡ እግሮቼን አየ። "አሰላሙ አለይኩም! ምን አጥፍቶ ነው?"

ስንነግረው ሳቀ። "እኔም ገብቼበታለሁ። ቀድመህ ዓይንህን ጨፍን፤ ያላዩት ነገር አይጠብም።"

በቀጠሮዬ ቀን ገና የምርመራ ክፍሉ በር ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ። ነርሷ እጄን ይዛ እየመራች አስገባችኝ።

"አይዞዎት አባቴ" አለች በሐዘኔታ። "ማየት ካቆሙ ቆዩ?"

"ከበሩ ጀምሮ ነው፣ ልጄ።"

እየሳቀች አስተኛችኝ። ምርመራው እስኪያልቅ ዓይኔን አልገለጥኩም።