የሰኢድን ግንባር የጠረግኩ ጊዜ

ይሄ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዒድ ነው። እናትና ልጅ ላቀያይም ትንሽ ነበር የቀረኝ፣ ለዛ ነው ከአእምሮዬ የማይወጣው። ደግሞ ክፉ አስቤ አይደለም፤ ጉብዝናዬ በዝቶ ነው።

ስለራሴ ልንገራችሁ። እኔ ኦስሎ ነው የምኖረው፣ ስቶቭነር። ቀን ቀን ዕቃ ለየቤቱ አደርሳለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ፎቶ አነሳለሁ። ትምህርት ላይ ብዙም አልገፋሁም፤ ፎቶ ላይ ግን ከስቶቭነር እስከ ላምበርትሴተር የሚስተካከለኝ ሀበሻ የለም። እኔ ካልመጣሁ ኒካህ አይታሰርም ማለት ይቻላል።

ካሜራዬ ግን ያገለገለ ነው። የሸጠልኝ ኖርዌጃዊ ሽማግሌ የት የት ሲያዞረው እንደኖረ እንጃ፣ ውስጡ አቧራ ገብቶበታል። ሌንሱን ብትጠርገው ብትጠርገው አይለቅም። ሰማይ ያለበት ፎቶ ሳነሳ ነጥብ ነጥብ ይላል፤ ሰማዩ ኩፍኝ የወጣበት ነው የሚመስለው። ስለዚህ ቤት ገብቼ በኮምፒውተር አጠፋዋለሁ። ፎቶውን በደንብ አጎላና ብሩሽ የምትባለውን መሣሪያ ነጥቡ ላይ አድርጌ ጠቅ ሳደርግ፣ አጠገቡ ካለው ንጹህ ቦታ ወስዳ ትሸፍነዋለች። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። እንደኔ የሚፈጥን አላየሁም።

የዒድ ቀን ሰፈራችን አጠገብ፣ ሮመን ላይ ከሶላት ስንወጣ ሰኢድን አነሳሁት። ሰኢድ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። እዚህ አገር እንደመጣሁ ቤቱ ያስጠጋኝ እሱ ነው፣ እንደ ታላቅ ወንድሜ ነው የማየው። እናቱ እማማ ዘሃራ ከሚሴ ናቸው፤ ከተያዩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ፎቶውን ለሳቸው ሊልክ ስለሆነ አደራ አሳምረህ አለኝ። እኔን አሳምር ይባላል እንዴ?

ቤት ገብቼ የሰማዩን ነጥብ ጨርሼ ወደ ታች ወረድኩ። ፎቶ በጣም ሲጎላ ሰው አይታይም፣ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው። ነጥብ ካየሁ ደግሞ እጄ አያርፍም። ጠቅ። ላኩለት። እሱም በትንሿ ስልኩ እያት አድርጎ፣ ማሻአላህ ብሎ፣ ከሚሴ ባለችው እህቱ ስልክ ለእናቱ ላከው።

ከዛ በኋላ ሲደውልልኝ ድምጹ ልክ አልነበረም። እናቱ አላናግርም ብለዋል። እህቱን ሲጠይቃት፣ ፎቶውን ካዩ ጀምሮ ያለቅሳሉ አለችው። ፈረንጅ አገር ልጄን ሶላት አስተወው እያሉ ነው።

ፎቶውን ከፈትኩት። ሰኢድ ግንባሩ ላይ የሱጁድ ምልክት አለው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰግድ ሲሰግድ የጠቆረች። እናቱ ለጎረቤት የሚኮሩት በሷ ነው። ፎቶው ላይ የለችም። አቧራ መስላኝ ጠርጌያታለሁ። የሰውዬው ግንባር ትናንት የተወለደ ሕፃን ግንባር ሆኗል።

ሰኢድ አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

"እንዲህ እንዳዘነችብኝ ብትሞትስ?" ነው ያለኝ።

ያልተነካውን ፎቶ ላክንላቸው። ባሰ። አሁን ደግሞ ቀለም ቀባችሁት አሉ። ሰኢድ በቪዲዮ ግንባሩን ላሳያት ቢል ፊታቸውን አዞሩ። ስልክ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ውሸት ሆነባቸው።

በቃ እኔ ልሞክር ብዬ ኮምፒውተሬን ይዤ ሰኢድ ቤት ሄድኩ። እህቱ ለምና ለምና ስልኩ ፊት አስቀመጠቻቸው። ሰኢድ የሱን ስልክ ወደ ኮምፒውተሬ አዞረልኝ።

"እማማ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ይኸው ይዩኝ" አልኩና ምልክቷን ጠረግኳት። ከዛ መለስኳት።

ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። "እስቲ ድገመው" አሉ።

ጠረግኳት፣ መለስኳት። ሰማዩ ላይ ያለውንስ አሉኝ። የሰማዩንም አንድ በአንድ አጠፋሁላቸው። ከዛ ልጄን አሳዩኝ አሉ። ሰኢድ ስልኩን ወደ ራሱ አዞረና ግንባሩን አስጠጋ። አዩት፣ አዩት።

"ሰኢዶ፣ ከስተሃል" አሉት።

ይህችን ብቻ ነው ያሉት። ያን የሚያክል አውቶቡስ የሚነዳ ሰውዬ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

እኔ ደግሞ ጉራዬ መቼ ይቀራል፣ ፊቴን በሰኢድ ትከሻ በኩል አስገባሁና፣ እማማ እኔ እኮ እዚህ አገር በዚህ ሥራ አንደኛ ነኝ አልኳቸው። እሳቸው ግን ግንባሬን ነበር የሚያዩት።

"ጎበዝ ነህ ልጄ። ያንተንስ ማን ጠረገው?" አሉኝ።

እጄን ግንባሬ ላይ አደረግኩ። ሰኢድ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀብኝ።

አሁን ከልጃቸው ጋር አውርተው ሲጨርሱ፣ ያ ጠራጊው አለ ወይ ይላሉ። ሰገድክ ወይ ይሉኛል። በኖርዌጅኛ ጃ እላለሁ፣ ከዛ ደንገጥ ብዬ አዎ እማማ እላለሁ። አንዳንዴ እውነቴን ነው። አንዳንዴ ደግሞ ስልኩን ዘግቼ ነው ውዱእ አድርጌ ልሰግድ የምነሳው። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ የሚጨቀጭቀኝ ሰው አልነበረም። ሳይጠይቁኝ ከዘጉ ቅር ይለኛል፣ ሰኢድን መልሰህ ደውልላቸው እለዋለሁ።