የጋሽ ቱንቢ መሠረት

ጋሽ ቱንቢ ይሉታል። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከሚስቱና ከመታወቂያው በቀር የሚያስታውስ የለም። ቱንቢ ግንበኞች የግድግዳ ቀጥታነት የሚለኩበት፣ ጫፉ ላይ ብረት የተንጠለጠለበት ገመድ ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ገመድ በዓይኑ ብቻ የሰውን ቤት ጠማማ ነው ሲል ስለሚውል ስሙ ተጣበቀበት። የታመመ ሊጠይቅ ሄዶ እንኳ መጀመሪያ የሚያየው ኮርኒሱን ነው።

የሰፈሩን ግማሽ የገነባው እሱ ነው፤ የራሱን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ጨምሮ። ያኔ ሰፈሩ አዲስ ሙሽራ ነበር። የባንክ ሠራተኛው፣ መምህሩ፣ ነርሷ ለመግባት ተሻሙ። ከዚያ ልጆች አደጉና ወጡ፤ ባዶው ክፍል ተከራየ፤ ተከራዩ ክፍሉን በኮምፖርሳቶ ለሁለት ከፍሎ ሌላ ተከራይ አስገባ። ቧንቧው ዝጎ ሻይ የመሰለ ውሃ ያወጣ ጀመር። የቤቶቹ ዋጋ ወረደ፣ ወረደ፣ ሰው ማማቱም ሰለቸው። በኋላ አጠገቡ ሰፊ መንገድ ወጣና ነገሩ ተገለበጠ፤ ቤቱ ባረጀ ቁጥር መሬቱ ጎረመሰ።

ጋሽ ቱንቢም መሸጥ ነበረበት። መኝታ ክፍሉ ፎቁ ላይ ነው፣ ሽንት ቤቱ ታች ነው፤ ሚስቱ ጉልበቷ ከድቷት በዚህ ክረምት ብቻ ሁለቴ ከደረጃው ወድቃለች። ልጃቸው አጠገቧ ደረጃ የሌለው ቤት አግኝታላቸዋለች፤ ባለቤቱ ከወሩ መጨረሻ በላይ አልጠብቅም ብሏል።

ችግሩ የጋሽ ቱንቢ አፍ ነው። ሦስት ገዢ አባሯል። የመጀመሪያዋን «ይቺ ስንጥቅ ቀለም ተቀብታ ነው እንጂ እጅ ታስገባለች» አላት። ለሁለተኛው ጣሪያው የት የት እንደሚያፈስ በጣቱ ቆጠረለት። ሦስተኛው ሳይጠይቅ ተነገረው።

«አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ አራተኛው ገዢ በሚመጣበት ጠዋት፣ «ልታገባኝ ስትመጣ ጉድለትህን እንዲህ ብትዘረዝር ኖሮ እስከ ዛሬ እናቴ ቤት ነበርኩ።»

«ዛሬ አልናገርም። ከተናገርኩ አፌ ይቆለፍ።»

«እሱማ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነው።»

ገዢው መጣ። ወጣት ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል። ግቢውን በእርምጃ ለካ፣ ወደ መንገዱ አየ፣ ስልኩ ላይ ጻፈ። ጋሽ ቱንቢ ከኋላው ተከተለው፤ ስንጥቁ አጠገብ ሲደርሱ የመጣበትን ቃል በሳል ዋጠው። ሰውየው ቀና ብሎም አላየ።

«ውስጡን አታይም እንዴ ልጄ?»

«አይ አባባ፣ ቤቱን አልፈልገውም። ይፈርሳል።»

አርባ ዓመት ያስታመመው ቤት። ሲያፍርበት የኖረውን ስንጥቅ ለካ የሚያየው የለም። ጋሽ ቱንቢ ለመቆጣት እንኳ ደከመው፤ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት» አለ ገዢው። «መሠረቱ ምን ያህል ጥልቅ ነው? ባለፈው ቦታ አንድ ሽማግሌ የቀበሩት ድንጋይ ሁለት መቆፈሪያ ማሽን ሰበረብኝ። ጥልቅ ከሆነ ይቅርብኝ፤ የጎረቤትዎን አያለሁ።»

ስለ መሠረቱ የጠየቀው ሰው ይሄ የመጀመሪያው ነው። ግድግዳውን ሲሚንቶ ሲወደድበት አሸዋ አብዝቶ ነው የለሰነው፤ በዕድሜው ግን እንደ መሠረቱ አጥብቆ የሠራው ሥራ የለም። ከሰው ቁመት በላይ ቆፍሮ፣ ጥቁር ድንጋይ እየጠረበ፣ ሚስቱ እርጉዝ ሆና ውሃ እያመላለሰችለት ሦስት ወር ፈጀበት። ጎረቤቶች የውሃ ጉድጓድ ነው እያሉ ይስቁበት ነበር።

ሚስቱ ምርኩዟን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። አልጠቀሰችውም፣ አልገላመጠችውም።

«ጥልቅ አይደለም» አለ። «እስከ ጉልበት ቢሆን ነው። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ሥራ አላውቅም።»

ገዢው ሳቀ። «ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ቆመ?»

«እኔም ይገርመኛል።»

ሰውየው ነገ ለውል እመጣለሁ ብሎ ሄደ። ሚስቱ አጠገቡ ልትቀመጥ ሞከረች፤ ጉልበቷ እንቢ ሲላት ትከሻውን ይዛ ቆመች።

«ውሸታም» አለችው ቀስ ብላ።

«ማሽኑ ሲሰበርበት ያየዋል።»

«ይየው። አሁን ተነስና ከላይ ልብሴን አውርድልኝ፤ እኔ ከእንግዲህ አልወጣም።»