ስም ያልተጻፈላት የፖልካ ዘፋኝ

ሶፋ ልገዛ ሄጄ ለቅሶ ተቀምጬ መጣሁ። የሙዚቃ ሸክላ መሰብሰብ የጀመርኩት እንዲህ ነው። ባለቤቴ ለእንግዳ ስታወራው ከዚህ የበለጠ ታስረዝመዋለች፤ እኔ አሳጥሬ ልናገር።

አሜሪካ በመጣን በሁለተኛው ዓመት ግሬፕቫይን የምትባል ከተማ ውስጥ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል እነዳ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ፎርት ዎርዝ የአንድ ቤት ዕቃ ሙሉ በሙሉ እንደሚሸጥ ነገረኝና ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ መኪና መንገዱን ሞልቶታል፣ ሰው ይገባል ይወጣል። ግድግዳው ላይ አኮርዲዮን ያነገቱ ሽማግሌ ፎቶ ተሰቅሏል። ማን እንደሆኑ አንዱን ብጠይቀው የቤቱ ጌታ እንደነበሩና ባለፈው ወር እንደሞቱ፣ ኢስቴት ሴል የሚባለውም ይኸው እንደሆነ፣ በእጁ የያዘውን ድስት እያገላበጠ ነገረኝ።

እኔ ደግሞ ያደግኩት የሟች ቤት በር ተከፍቶ ሲያይ ገብቶ በሚቀመጥ ሕዝብ መሃል ነው። ጉልበቴ ከጭንቅላቴ ቀድሞ ወሰነ። ኮፍያዬን አውልቄ ጥግ ያለች ወንበር ላይ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። አንዱ መጥቶ ወንበሯ ተሽጣ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሌላዋ ዋጋውን ለማየት ከኋላዬ ጎንበስ አለች። ንቅንቅ አላልኩም። እንዲያውም ተናደድኩ። የሰው ጓዳ ገብቶ የሟችን ከረባት አንገት ላይ መለካት ምን የሚሉት ጭካኔ ነው?

በመጨረሻ ጠና ያሉ ሴት መጥተው የምፈልገው ነገር እንዳለ ጠየቁኝ። የሟቹ ልጅ ናቸው። ለመግዛት ሳይሆን ለአባታቸው ሐዘን እንደተቀመጥኩ፣ እንግሊዝኛዬ በፈቀደልኝ መጠን አስረድቼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኳቸው። ከዚያ ዋጋ የተለጠፈበት ሌላ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና አለቀሱ። ከጠዋት ጀምሮ ስለ አባታቸው አንድ ቃል የተነፈሰ ሰው እንዳልነበረም ነገሩኝ።

አባታቸው የቼክ ስደተኞች ልጅ ነበሩ። ሳምንቱን ሙሉ ማሽን ሲጠግኑ ሰንብተው ቅዳሜ ቅዳሜ በየገጠሩ የዳንስ አዳራሽ ፖልካ የሚባለውን ፈጣን የዳንስ ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ይመሩ ነበር። ባንዱ ጥቂት ሸክላ አሳትሟል፤ በአንዱ ላይ የዘፈነችው የሴትየዋ እናት ነበረች። እናትየው የሞተችው ሴትየዋ ገና ዳዴ ሳይሉ ነው። አባትየው ከዚያ ወዲህ ያቺን ሸክላ ከቤት አስወጧት፤ የት እንዳደረሷትም አልተናገሩም። ልጃቸው ካርቶኑን ሁሉ ፈትሸው አጥተዋታል።

“የእናቴን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም” አሉኝ።

የተረፉትን ሸክላዎች እምቢ ብል አልሰማ ብለው በካርቶን አሸከሙኝ። ካገኘኋት እንደምደውልላቸው ነገርኳቸው። ፈገግ ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ፤ እንዳላመኑኝ ያስታውቃል። እልህ ያዘኝ።

ባለቤቴ ካርቶኑንም እኔንም በር ላይ አስቆመችን። ሶፋ ብላ ልካኝ የሞተ ሰው ዘፈን ተሸክሜ መምጣቴን እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም። ከዚያ ወዲህ የዕረፍት ቀኔ የራሴ አልሆነም። ከኧርቪንግ እስከ ፎርት ዎርዝ ያልበረበርኩት የልባሽ ዕቃ መሸጫ የለም። ፖልካ ፍለጋ ካርቶን ውስጥ የገባ እጅ ደግሞ ሌላም ይዞ ይወጣል። በሆቴል ሳሎን ፒያኖ ሲጫወት የኖረ፣ ኦርጋኑን በራሱ ጋራዥ የቀዳ፣ ሽፋኑ ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ፈገግ ያለ፣ ከሠፈሩ ውጭ ማንም የማያውቀው ሰው ሁሉ አለ። ሊፍት ውስጥ የሚንቆረቆረው ዓይነት ለስላሳ ሙዚቃ ነው። ሁሉም ድንቅ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ግማሹ እንቅልፍ ያመጣል። ግን እያንዳንዱ አንድ ቀን አንድ ሰው ይሰማኛል ብሎ ነው የቀዳው፤ መልሼ ካርቶን ውስጥ ልጥለው ስል አንጀቴ እምቢ ይለኛል።

ጓደኞቼ መሳቂያ አደረጉኝ። “ሶ፣ ኦኬ ነህ ግን? ማለቴ፣ ፖልካ?” ይለኛል አንዱ፣ ባገኘኝ ቁጥር። ባለቤቴ በበኩሏ ሙዚቃው እንዲህ የሚሮጠው ማን እያባረረው ነው ትል ነበር። አንድ ቀን ግን ልብስ እያጣጠፈች ያንኑ ፖልካ ስታንጎራጉር ያዝኳት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆን ፎርት ዎርዝ አንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ባዛር ነበር። በገና በዓል መዝሙሮች መሃል ሽፋን የሌላት አንዲት ሸክላ ሳብኩ። የሽማግሌው ባንድ ስም ተጽፎባታል። የዘፋኝ ስም የለም። ቤት ወስጄ አቧራዋን ጠረግኩላት እንጂ አላጫወትኳትም፤ ከሟቹ ልጅ ቀድሞ መስማት ስርቆት መሰለኝ። ያንኑ ቀን ደወልኩ።

ሴትየዋ እሑድ ከሰዓት ኬክ ይዘው መጡ። ከባለቤቴ ጋር በር ላይ ረጅም ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ከዚያ እሷ ወደ ወጥ ቤት ገባች፣ እኛ ማጫወቻው ፊት ተቀመጥን። መርፌውን አሳረፍኩ። መጀመሪያ ጭርጭር የሚል ድምፅ፣ ቀጥሎ አኮርዲዮን፣ ከዚያ የአንዲት ሴት ዘፈን መጣ። እንግዳዬ እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸውን ከወለሉ አላነሡም።

“ሌላ ሴትም ልትሆን ትችላለች” አሉ ሲያልቅ። “ስሟ የለም። ይህን ያህል ዘመን ጠብቄ ማንኛዋንም እናቴ ናት ብዬ ልቀበል እችል ነበር። ግን ራሴን መዋሸት አልፈልግም።”

ያን ሁሉ ካርቶን ያገላበጥኩት ሴትየዋን የባሰ ጥርጣሬ ውስጥ ልከታቸው ነው እንዴ ብዬ አዘንኩ። ሌላ ማድረግ የምችለው ስላልነበረ ደግሜ አጫወትኩት።

ዘፈኑ መሃል ላይ ባለቤቴ እጇ እንደረጠበ ከወጥ ቤት ብቅ አለች። እንግዳችንን አየች፣ አፋቸው መዘጋቱን አየች፣ ወደምትዞረው ሸክላ ዞረችና ግራ ገባት።

“እሳቸው አይደሉም እንዴ የሚዘፍኑት?” አለችኝ በአማርኛ። “የሳቸው ድምፅ ነው ብዬ እኮ ነው ልሰማ የመጣሁት።”

ሴትየዋ ባለቤቴ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ቃል በቃል ተረጎምኩላቸው። እጃቸውን አንሥተው ጉሮሯቸው ላይ አሳረፉ። እንባቸው ወረደ፣ ግን እየሳቁ ነበር።

“እንደገና ንገረኝ” አሉ።

እንደገና ነገርኳቸው።