በካሪንዶ ያገቡ የካሪንዶ ልጆች

ቱርፎሳ ወጣት አትወድም። ካሪንዶ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ከሐይቁ ዳር ባለችው ጤና ጣቢያ፣ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣለች፤ በዚያች የመጽሐፍ ገጽ በምታክል ቀዳዳ ፊቷ ብቅ ሲል ወረፋው በሙሉ አንገቱን ይደፋል።

«ስም!» ትላለች። «ምላስሽን እቤት ነው የተውሽው? ስም!»

ኦሜና የሚባለውን ትንንሽ ዓሣ አሸዋው ላይ ከሚያሰጡ እናቶቻቸው ተደብቀው ለእርግዝና መከላከያ የሚመጡት ልጃገረዶች ስማቸውን አይናገሩም። የእናታቸውን ነጠላ ጨርቅ አገልድመው፣ ሻሽ አስረው፣ «ኛር ሴሜ» ይላሉ፤ የሴሜ ልጅ ማለታቸው ነው። በዚያ አገር ያገባች ሴት በስሟ አትጠራም፤ ተወልዳ ባደገችበት ቀዬ ነው። ከካኖ መጥታ ያገባችው ኛር ካኖ፣ ከሴሜ የመጣችው ኛር ሴሜ ትባላለች። ስለዚህ «ኛር» ያለች ሁሉ ባለትዳር ናት፤ ባለትዳሯን ደግሞ ሲስተር ዶርሲላ «እናትሽን ይዘሽ ነይ» ብላ ከበር አትመልሳትም።

ቱርፎሳ ከሻሹ ሥር የተላጨውን የተማሪ ጭንቅላት እያየች፣ ጥርሷን ነክሳ፣ «ዕድሜ ሃያ አንድ» ብላ ትጽፋለች። አትጠይቃቸውም። ምን ብላ ትጠይቅ? የብዙዎቹን የልደት ቀን በወሊድ መዝገቡ ላይ ያሰፈረችው በገዛ እጇ ነው።

«እዚያ ቁጭ በይ። እግርሽን ደግሞ አታወዛውዢ! ባለትዳር እግሯን አታወዛውዝም።»

ቱርፎሳም በአሥራ ስድስት ዓመቷ እዚሁ መስኮት ላይ ቆማ ነበር። የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ስሟን ከነአባቷ ጮክ ብሎ አነበበው፤ ወረፋው ዞሮ አያት፤ ሮጣ ወጣች። ከዚያ በኋላ ማን ዘንድ ሄዳ ምን እንደጠጣች አልተነገረም። ካሪንዶ ግን እስከ ዛሬ «የእገሌ እናት» ብሎ ጠርቷት አያውቅም።

በደረቁ ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ኦጉቱ የሚባል ወጣት ከከተማው የጤና ቢሮ ታብሌት ይዞ መጣ። በዓመቱ ውስጥ ከአሥር እስከ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያሉ ስንት አፍላ ወጣቶች በጣቢያው እንደተገለገሉ ሊቆጥር ነው። መዝገቡን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ሲያገላብጥ አረፈደ።

«ዜሮ» አለ በመጨረሻ። «ካሪንዶ ውስጥ ልጅ አይታመምም እንዴ፣ እማማ?»

«ይታመማል። አንተንም የሆነ ነገር ይዞሃል፤ አንገትህ ቀጥኗል።»

ወረፋው ሳቀ። ኦጉቱ አልሳቀም። ጣቱን አንድ መስመር ላይ ተከለ።

«ኛር ካሪንዶ። ይኸው ደግሞ እዚህ፣ ኛር ካሪንዶ። አሥራ አንድ ጊዜ። አሁን የት ነው ያለነው?»

«ዓይንህም ታሟል ማለት ነው።»

«ካሪንዶ ተወልዳ ካሪንዶ ያገባች? ማንን ነው ያገባችው፣ ወንድሟን? የአንድ ቀዬ ልጆች እርስ በርስ አይጋቡም፤ ከተማ ባድግም አባቴ የዚህ አገር ሰው ነው።»

ቱርፎሳ መዝገቡን ወደ ራሷ ስባ አየችው። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አላስተዋለችውም። ልጆቹ ሻሹን አስበውበታል፤ ጫማውን ለውጠዋል፤ «ከየት ነሽ?» ሲባሉ ግን የፈራ አፋቸው የሚያውቀውን ብቸኛ አገር አወጣ። እንዴት ያለ ነገር ነው! ያን ሁሉ ጥልፍልፍ ውሸት የፈታችው በመሐሉ ያመለጠች አንዲት እውነት ናት።

«እነዚህ ሴቶች የሉም» አለ ኦጉቱ፣ «እማማ» ማለቱን ትቶ። «የሌለ ሰው ፈጥረሽ መድኃኒቱን የት አደረስሽው?»

ሲስተር ዶርሲላ ድምፁን ሰምታ ከምርመራ ክፍሉ ወጣች። ነገሩን ስትሰማ ፊቷ በራ።

«ድሮም ጠርጥሬሻለሁ! ሰው ከሆኑ ስም አላቸው። ስማቸውን አምጪ፤ አለበለዚያ ከዚህ መስኮት ትነሻለሽ።»

ቱርፎሳ ሐይቁን አየች። እምቦጭ አረሙ ዳር እስከ ዳር ሸፍኖት ውኃው አይታይም፤ ውኃው ግን ከሥሩ አለ።

«ልጆች ናቸው» አለች። «ልትቆጥር የመጣኸው እነሱን ነው። ጻፍ፤ አሥራ አንድ።»

«ሌሎቹስ? ኛር ሴሜዎቹ፣ ኛር ካኖዎቹ?»

«ከእነሱ ውስጥም አሉ። አሳምረው የዋሹት።»

«ያለ ስም አልቀበልም።»

«ስማቸውን ለእኔ ስጪኝ» አለች ዶርሲላ። «በየቤታቸው ዞሬ ለወላጆቻቸው አደርሳለሁ።»

«እሺ።» ቱርፎሳ እስክሪብቶዋን አነሳች። «ከማን ቤት ልጀምር?»

አንዲት እናት የሕፃኗን ካልሲ ማስተካከል ጀመረች። ዘበኛው መሬት መሬት አየ። ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩ ሁለት ሴት ልጆች ያሏት ዶርሲላ ወደ ምርመራ ክፍሉ በር አንድ እርምጃ አፈገፈገች።

«ተናገሪ እንጂ፣ ሲስተር። የማንን በር ላንኳኳ?»

ኦጉቱ ታብሌቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ አፍላ ወጣት ዜሮ፣ የአጻጻፍ ስሕተት አሥራ አንድ።

ዓርብ ዕለት ደብዳቤው መጣ። ቱርፎሳን ከመስኮቱ አንሥተው ማንጎ ዛፍ ሥር ሕፃናት እንድትመዝን መደቧት። በቦታዋ ከሌላ አውራጃ የመጣ ትሑት ወጣት ተቀመጠ። «እንኳን ደህና መጡ፤ ስምዎን ማን ልበል?» ይላል ለስላሳ ድምፁ፤ ልጃገረዶቹ እሱን ከእሷ ይልቅ ፈሩት።

በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ መጣች፤ ሻሽ ያሰረች፣ ከጨርቋ ሥር ጥቁር የትምህርት ቤት ጫማዋ የሚታይ።

«ኛር… ኛር ካሪ…»

«ኛር ካኖ!» አለ ከማንጎው ሥር የመጣ ጩኸት። ቱርፎሳ ሚዛኑ ላይ የተንጠለጠለ ሕፃን በአንድ እጇ ይዛለች። «የአገርሽን ስም ረሳሽው፣ አንቺ ደንቆሮ? ባልሽ ቢሰማ ምን ይላል!»

«ኛር ካኖ» አለች ልጅቷ።

ወጣቱ ጻፈ። «ዕድሜስ?»

«ሃያ አንድ!» አለ ማንጎው። «ተቀመጪ! እግርሽን!»

ልጅቷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ትወዛወዝ የነበረችው ጥቁር ጫማ ቀጥ አለች።